ወተቱ ላይ ያለው ኤክስ

የመድኃኒት ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ፋርማሲስቷን «ሰዓሊት» እያለ ይቀልድባታል። እውነቱን ለመናገር የመድኃኒት ከረጢት ላይ ስላ የምትለጥፋት ጨረቃ ሙዝ፣ ፀሐይዋ ደግሞ ጃርት ነው የሚመስሉት። ቢሆንም ሰው ተግባባባቸው። ጃርት የተለጠፈበትን ከረጢት ጠዋት፣ ሙዝ የተለጠፈበትን ማታ ከመኝታ በፊት ይከፍታል። ማንበብ የማይችል ደንበኛ «እባክህ ይቺን አንብብልኝ» እያለ የጎረቤት ደጅ መጥናት ቀረለት። ስለዚህ ፋርማሲስቷ ትንሽ ልቧ አብጦ ቢሆን አይፈረድባትም።

ሐሳቡ የመጣላት በአክስቷ ምክንያት ነው። ከመድኃኒት ቤቱ ሦስት በር አለፍ ብሎ ልብስ የምትሰፋው ይህችው አክስቷ፣ ፋርማሲስቷ በልጅነቷ ያለ እናትና አባት ስትቀር ተቀብላ አሳድጋታለች፤ እግሯ እስኪያብጥ የስፌት መኪና እየረገጠችም አስተምራታለች። የሰው ትከሻ ስንት እንደሆነ በዓይኗ ለክታ ትናገራለች፣ ፊደል ግን አልቆጠረችም።

ይህች ሴት ማህፀኗ ላይ ዕጢ ወጣባት። ሐኪሙ ክፉ እንዳልሆነ ነግሯታል፤ ግን ደሟን እያፈሰሰ አመነመናት። «የደምሽ መጠን አስር ካልሞላ ለቀዶ ጥገና ቢላ አላነሳም» አለና የብረት ኪኒን አዘዘላት። ፋርማሲስቷም በገዛ እጇ ከረጢቱ ላይ ስዕሉን ለጠፈችላት፦ ፀሐይ፣ አንዲት ኪኒን፣ ከጎኗ የወተት ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ላይ ደግሞ ትልቅ ኤክስ። ወተት ብረቱን ሆድ ውስጥ ጠልፎ ያስቀረዋላ! ያን ቀን ሰልፉ በሩን አልፎ ነበር። አክስቷ አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ «ሁሉም ስዕሉ ላይ አለ አክስትዬ» ብላ ሸኘቻት። እንዲህ ናት ኩራት፤ ሰው ላይ ስትወጣ ጆሮ ትደፍናለች።

በወሩ ውጤቱ መጣ። ደሟ ያው ስምንት ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ ሰረዘና አንድ ወር ጨመረላት፤ «ከዚያም ካልሞላ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን» አለ፣ ፊቱን ሳያፈካ። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ስፌት ቤቱ ሮጠች።

«አክስትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ኪኒኑን ትረሺ ነበር አይደል?»

«እኔ?» አለች አክስቷ ከመኪናው ቀና ብላ። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። «ወር ሙሉ አንዲት ቀን አላጎደልኩም። ያውም ከዚያ ጉድ ጋር!»

«ከየትኛው ጉድ?»

«ከወተቱ ነዋ!»

ፋርማሲስቷ አጠገቧ ያለውን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። አክስቷና ወተት ከልጅነት ጀምሮ ደመኛ ናቸው፤ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሻታል። ሰው ፊቷ ወተት ሲጠጣ እንኳ ዞራ ነው የምትቀመጠው።

«ወተት ጠጣሽ? ኤክስ አድርጌበት የለም እንዴ?»

«አድርገሽበት የለ! ለዚያ አይደል አፍንጫዬን ይዤ ስጋተው የከረምኩት?» አክስቷ ግራ ተጋብታ እጇ ላይ ያለውን ኮት ዘረጋችላት። ፊት ለፊቱ ላይ በጠመኔ የተሠሩ ሦስት ኤክሶች ተሰልፈዋል። «ይኸውልሽ። ቁልፉ የሚገባው እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ነው። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ኤክስ ያለበትን ዘልዬ ሌላ ቦታ ቁልፍ የተከልኩበት ቀን የለም። ዋናው ቦታ ይኼ ነው፣ እንዳትስቺ ማለት ነው ኤክስ።»

ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? ወተት እንደማትወጂ አውቃለሁ እኮ!»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ? አንቺ ተምረሽ፣ ሰው ሁሉ ሰልፍ ይዞልሽ፣ እኔ በሰው ፊት ላሳፍርሽ? ልጄ የሳለችው ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጠጣዋለሁ አልኩ። ሌላም ብትስዪ እጠጣ ነበር።»

ፋርማሲስቷ እንዲህ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም። የምትወዳትን ሴት አንድ ወር ሙሉ ያሰቃየችው እሷ ናት፤ ያውም በስዕል።

ወዲያው አክስቷን እጇን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወሰደቻትና አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት። ኤክስ ያለባቸውን ስዕሎች በሙሉ ከመሳቢያው አውጥታ ለተሰለፈው ሰው ታሳይ ጀመር። «ይኼ ምን ይላል? ሳታፍሩ ንገሩኝ።»

አንዲት መምህርት፣ «ስህተት ነው፣ አትጠጡ» አሉ ሳያመነቱ። ቀጥሎ የቆመው ጫኝና አውራጅ ግን አልተስማማም። «እኛ ካርቶን ላይ ኤክስ ካደረግን ተቆጥሯል፣ ጫነው ማለት ነው። ስለዚህ ይጠጣ።»

«አየሽ!» አለች አክስቷ ከአግዳሚው፣ ችሎት እንዳሸነፈ ሰው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ብቅ ብሎ፣ «ይኼ ምንድን ነው? ፈተና ቤት ከፈታችሁ?» ቢል ማንም አልሰማው፤ ሰልፉ ራሱ ጦፏል። አንዱ «የተዘጋ አፍ ሳዪ»፣ ሌላው «ላሟን አባርሪያት» ይላል። ፋርማሲስቷ ላሟን ሞክራ ነበር፤ ውሻ ሆና ወጣች።

አክስቷ ታግሣ ታግሣ፣ «ምን ታስጨንቋታላችሁ?» አለች። «በቃኝ፣ አትቅጂልኝ ስትዪ ብርጭቆሽን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እደፋዋለሁ።»

«ታዲያ ድፊዋ!»

ፋርማሲስቷ አፉ ወደ ታች የተደፋ ብርጭቆ ሳለች፣ ከሥሩም የፈሰሰ ወተት። ጫኝና አውራጁ ገና ከሩቅ አይቶ፣ «ይኼማ አትጠጣ ነው» አለ። መምህርቷም ተስማሙ። ያን ዕለት ሌላም ነገር ተለወጠ፤ ከረጢቱን ከመስጠቷ በፊት፣ «እስቲ ስዕሉን ለእኔ ንገሪኝ፣ ንገረኝ» ማለት ጀመረች። ሰልፉ ረዘመ፣ ባለቤቱም አጉረመረመ። ታዲያ ያጉረምርም።

አክስቷ ኪኒኗን በውኃ ብቻ እየዋጠች ወሩን ጨረሰች። ፋርማሲስቷ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ስፌት ቤቱ ብቅ እያለች የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋ ደም መሙላቱን በቅላቱ ታያለች፤ አክስቷም «ዓይኔን ልታወጪው ነው እንዴ!» ትላለች። የውጤቱ ቀን የላቦራቶሪ ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው ከፈተችው።

«አስራ አንድ!» ብላ አቀፈቻት። «አክስትዬ፣ አስራ አንድ ገባ!»

«እሱን ቁጥር ለራስሽ ያዢው። ለእኔ ሳዪልኝ።»

ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ገልብጣ፣ ጉንጯ የሞላ፣ ጥርሷ የሚታይ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ያነሳች ሴት ሳለችላት። አክስቷ ወረቀቱን አርቃም አቅርባም አየችው።

«ይቺ ድንች ማናት?»

«አንቺ ነሽ!»

«ድኛለሁ ማለት ነው» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

በሳምንቱ የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ የደም ውጤቷን ስትጠይቃት፣ አክስቷ ወረቀቱን ዘርግታ ሰጠቻት፣ በስዕሉ በኩል። ነርሷ ድንቿን አየች፣ ሴትዮዋን አየች።

«እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ውጤቴ ነው» አለች አክስቷ ቀና ብላ። «ልጄ ጻፈችልኝ፣ እኔው ራሴ አነበብኩት።»