ጠበቅ ብሎ የሚነበብ ጉራ

ተስፋነሽ ጆሮዋ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ ነበራት። ማስረጃዋ እጀታው የጠቆረ ረጅም ካቻቢቴ ነው። ሰበታ ባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲያመው፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ ታስደግፍና እጀታውን ከጆሮዋ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ተጭና ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄኛው ኩሽኔታ አልቋል» ትላለች። ሲፈታ አልቆ ይገኛል። ወንዶቹ መካኒኮች መጀመሪያ ሰሞን ይስቁባት ነበር፤ አሁን ማሽን ሲቆም እሷን ነው የሚጠሩት። እሷም ይህን ለሰው ከመንገር ወደኋላ ብላ አታውቅም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጆሮ ይዛ ሰው ሲያወራ ካልሰማት፣ ጥፋቱ የሰው ነው ማለት ነው። እሷ የምትኖርበት የዓለም ገና ሰፈር ሰው አፉን ሳይከፍት ነው የሚያወራው። የባጃጅ ሹፌሩ ያጉተመትማል። የቸርቻቸው ሰባኪ ማይክ አያያዝ አይችልበትም። ባሏ ይገዙ ኮዬ ፈጬ ግንባታ ላይ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲሚንቶ ማቡኪያው አጠገብ መጮህ ስለለመደ ከእሱ ጋር ችግር የለም። ፋብሪካ ውስጥማ ሁሉም እየጮኸ ስለሚነጋገር የሚያመልጣት ነገር የለም። የማይስማማት ጸጥ ያለ ቦታ ነው። የራሷ ድምፅ ግን ዝግ ያለ ነው፤ ሰዎች «ምን አልሽ?» ሲሏት ይገርማታል፤ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ጩኸት ነውና። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ቆም ብላ አስባ አታውቅም። በራሱ የተማመነ ሰው ለዚህ መቼ ጊዜ አለው!

ልጇ ትህትና አምስት ዓመቷ ነው። ስሟ ትህትና ይሁን እንጂ የመዋለ ሕፃናት መምህሯ «ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ ማን ነው እንዲህ ጩኸት ያስለመዳት?» ብላ አቤት ብላለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደግሞ ሌላ አመል አላት። እጇን ዘርግታ «እዘይኝ!» ትላለች። ተስፋነሽም «ልትዳሪ ደርሰሽ!» እያለች ታዝላታለች። ልጅቱ አገጯን ከእናቷ ጆሮ ጀርባ ትለጥፍና ማን እንደመታት፣ ማን ምሳውን እንደደፋ እያወራች ቤት ይደርሳሉ። ጎረቤቱ «አሞላቀቀቻት» ይላል። ተስፋነሽም መሞላቀቅ ይመስላታል፤ ግን ደስ ይላታል።

ከቤታቸው ዝቅ ብሎ የኦቦ ዲኖ ሱቅ አለ። ኦቦ ዲኖ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው የሚያወሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ተስፋነሽ ሱቁ ደጃፍ ቆማ አንድ ግትር ማሽን እንዴት እንዳስነሳች ለጎረቤቷ ስትተርክ፣ ኦቦ ዲኖ ከውስጥ ደጋግመው ጠሯት። አልሰማችም። ጎረቤቷ ጎሸም ስታደርጋት ነው የዞረችው። ሽማግሌው ሚዛን ላይ ምስር እየጨመሩ ስለነበር ሁለት እጃቸውም ተይዟል፤ በአፋቸው ብቻ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጉራ ኬ! ጉራ ኬ ለሐኪም አሳዪ እንጂ፣ ዝም አትበዪ!» አሏት።

ተስፋነሽ ከወላይታ ከመጣች ዓመታት ቢያልፉም ከኦሮምኛ የምታውቀው ሰላምታና የገበያ ቁጥር ብቻ ነው። ከሳቸው አፍ የደረሳት «ጉራ» እና «አሳዪ» የሚለው ነው። ያውም በሰው ፊት! ደሟ ፈላ።

«ጉራ አይደለም፣ ሥራ ነው!» ብላ ጥላቸው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ዘይትም ምስርም ከመንገድ ማዶ መግዛት ጀመረች። ኦቦ ዲኖ ስታልፍ «አከም ጅርታ!» ይሏታል፤ እሷ አትመልስም። ብዙውን ጊዜ አኩርፋ ሲሆን፣ አንዳንዴ ግን እውነትም ሳትሰማቸው ነበር።

በዚህ መሃል ፋብሪካው ጩኸት የበዛበት ክፍል የሚሠሩትን ሁሉ ጆሮ ማስመርመር ጀመረ። ተስፋነሽ ተራዋ ሲደርስ ማዳመጫ ተደረገላትና «ድምፅ ስትሰሚ ይህን ቁልፍ ተጫኚ» ተባለች። ጣቷን አዘጋጅታ ተቀመጠች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ኧረ መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለች።

ጨርሰው ነበር።

የጥገና ክፍሉ አለቃ ሄመን ቢሮው ጠርቶ ፊት ለፊቷ ቆሞ እየጮኸ ነገራት። «ተስፉ፣ ሥራሽን አውቃለሁ። ግን ጆሮሽ ከሞተ እዚያ ማሽን መሃል አላቆምሽም። ከኋላሽ ስንጮህ ካልሰማሽ እጅሽ ነው የሚሄደው። ሐኪም ጆሮዋ ይሠራል ካላለኝ ወደ ማሸጊያ ነው የማዛውርሽ።»

ማሸጊያ ማለት ካርቶን መለጠፍ ነው። ካቻቢቴ ማሸጊያ ምን ይሠራል? ተስፋነሽ በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። የሞተ ጆሮ ከሆነ ሙያዋም አብሮ ይሞታል፤ ከሙያዋ ሌላ ደግሞ ደረቷን የምትነፋበት ነገር የላትም።

ክሊኒኩ በየበሩ ላይ ከላይ በኦሮምኛ ከታች በአማርኛ ተጽፎበታል። ተስፋነሽ ተራ ስትጠብቅ ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ ፊት ለፊቷ ያለውን በር ታነብ ጀመር። ከታች «የጆሮ ሕክምና ክፍል» ይላል። ከላይ ያለውን የላቲን ፊደል እየቆጠረች አነበበችው። «ኩታ… ያላ… ጉራ።» መጨረሻው ቃል ላይ «ር» ሁለቴ ተጽፋለች፤ ስለዚህ ጠበቅ ብላ ነው የምትነበበው። ጉራ፣ ጆሮ!

ፊቷ እሳት ሆነ። ሽማግሌው ጉረኛ አላሏትም። ጆሮሽን ታከሚ ነው ያሏት፤ እሷ ደግሞ በጆሮዋ ምክንያት ያን ሳትሰማ አኩርፋቸው ከረመች። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ሳቀች፤ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ዶክተር ሩሃማ ወጣት ናት። ፊቷን አዙራ፣ ቃሉን ሳትውጥ ስለምታወራ ተስፋነሽ ወዲያው ወደደቻት። ዶክተሯ ከመሳቢያ ባለ ሁለት ጣት ብረት አወጣች፤ ጉልበቷ ላይ መታችውና ከተስፋነሽ ጆሮ ፊት ያዘችው።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

ደግማ መታችውና አሁን የብረቱን እግር ከጆሮዋ ጀርባ አጥንቱ ላይ ተከለችው። ተስፋነሽ ከወንበሯ ብድግ አለች። ድምፁ ጭንቅላቷን ሞልቶታል።

«ይሄማ ካቻቢቴዬ ነው!»

የካቻቢቴው ነገር ሲነገራት ዶክተር ሩሃማ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጆሮ ፈታታ አሳየቻት። «ድምፅ የሚርገበገብ አየር ነው። በዚህ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ከታምቡሩ ጀርባ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘዋል፤ አንዱ አንዱን ይገፋል። የመጨረሻዋ የፈረስ እርካብ ነው የምትመስለው፤ የውስጡን ጆሮ የምትገፋው እሷ ናት። ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለና ፈሳሽ የሞላበት ነው። ፈሳሹ ሲናወጥ በዓይን የማይታዩ ጸጉሮች ይነቃነቃሉ፤ ያ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየርና በነርቭ አንጎል ይደርሳል። የሚሰማው አንጎል ነው፤ ጆሮ አቀባይ ነው።»

ተስፋነሽ የማሽን ዕቃ እንደምታይ አዟዙራ አየችው። «የትኛው ነው የተያዘብኝ?»

«እርካቧ ትመስለኛለች። ዙሪያዋን አጥንት ይበቅልና አልነቃነቅ ትላለች። ልጅ ከወለድሽ ወዲህ አልባሰብሽም?»

«ብሶብኛል።» ጣቷን ከቀንድ አውጣው በሚወጣው ነርቭ ላይ አሳረፈች። «ከእርካቧ ወዲያ ያለውስ? ሽቦውስ?»

«እሱማ ደህና ነው። በአጥንትሽ የሰማሽው ለዚያ ነው። ዋናው በር ሲዘጋ ድምፁ በጓሮ በር ገባ። እርካቧ በቀዶ ሕክምና ትቀየራለች፤ እስከዚያ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጊያለሽ። ጆሮሽ አልሞተም፤ ለአለቃሽም ይህንኑ እጽፍለታለሁ።»

አልሞተም! ተስፋነሽ ዶክተሯን አቅፋ ልትስማት ምንም አልቀራትም። ስትወጣ ብረቱ ያረፈባትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰቻት። ይህችን ቦታ ከካቻቢቴዋ ሌላ የሚያውቃት አንድ አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣላትም።

ዓለም ገና ከታክሲ ወርዳ በቀጥታ ኦቦ ዲኖ ሱቅ ገባች። «ኦቦ ዲኖ፣ አከም ጅርቱ? ይቅር ይበሉኝ። ጉራዬን ለሐኪም አሳይቼ መጣሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና ድምፃቸውን ጨምረው፣ «የትኛውን ጉራ?» አሏት።

«ጠበቅ ብሎ የሚነበበውን። ላልቶ የሚነበበውማ ምንም አልሆነ፣ እንዳለ ነው!»

ኦቦ ዲኖ ሚዛኑን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ለትህትና ብለው ብስኩት ሰጧት፣ እሷም ምስር ገዝታ ወጣች።

ትህትና የመዋለ ሕፃናቱ በር ላይ እየጠበቀች ነበር። እናቷን ስታይ እጇን ዘርግታ ሮጠች። ተስፋነሽ ጎንበስ አለች። የልጅቱ አፍ ተንቀሳቀሰ፤ የመጣላት ግን ከሩቅ እንዳለ ሬዲዮ ብጭቅጫቂ ድምፅ ነው። እንደ ልማዷ አዞረችና አዘለቻት። ትንሿ አገጭ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ያቺው ቦታ ላይ አረፈች። ወዲያው የልጇ ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ።

«እማ፣ ዛሬ ቀለም ደፋሁ።»

ተስፋነሽ እርምጃዋን አዘገየች። «ትህቱዬ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እዘይኝ የምትይኝ? ደክሞሽ ነው?»

«አይደለም። ታች ሆኜ ስጠራሽ አትመጪማ። እዚህ ሆኜ ስጠራሽ ትመጫለሽ።»

ተስፋነሽ መንገዱ መሃል ቆመች፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ካቻቢቴዋን ስታወድስ የኖረች መካኒክ፣ የጓሮውን በር ብቻዋን ፈልጋ ያገኘችውን ልጅ ጀርባዋ ላይ አዝላ ነበር። የልጅቱ አገጭ ጠንከር ብሎ ተጫናት።

«እማ፣ ባጃጅ! ከኋላ!»

«ሰማሁ፣ የኔ እናት» አለች ተስፋነሽ ወደ መንገዱ ዳር እየወጣች። «ሰማሁሽ።»