የቅዳሜ መስመር

ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ሙያዬን የሚጠራጠር ካለ መጥቶ የእህቴን ሳይክል ይመልከት። ከፊትም ከኋላም መንገጫገጭ የሚያበርድ አሞርዛተር ያላቸው የተራራ ሳይክሎች ገና ብቅ ባሉ ሰሞን የተሠራች ናት፤ የሠራት ፋብሪካ ራሱ ተዘግቷል። መለዋወጫ ብሎ ነገር የለም። የኋላው አሞርዛተር ላስቲክ እንደ ደረቅ ዳቦ ሲፈረፈር ከመኪና ጎማ ቆርጬ ተካሁላት። የኋላ ክንዷ መታጠፊያ ሲላላ ቡሹን፣ ውስጡ የሚገባውን ቀለበት፣ በቶርኖ አስቀረጽኩላት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሃያ ዓመት ዘለቅን።

እህቴ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ወገቧ ደግሞ ዲስኩ ተንሸራቷል። በሌላ ሳይክል ያን ድንጋያማ መንገድ ብትወርድ ታለቅሳለች። የምትችለው ይቺን ብቻ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ታዲያ፣ የኋላ ጎማውን በሚይዘው ክንድ ላይ፣ ብየዳው አጠገብ፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አየሁ። ክው አልኩ። አሉሚኒየሙን ደፍሮ የሚበይድልኝ ሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው፣ ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ላይ በማርከር ትንሽ መስመር አሰምራለሁ። አምስት ቅዳሜ አልተነቃነቀም። በስድስተኛው ፈቀቅ አለ። በሰባተኛውም። ለእህቴ ግን «ምንም አልሆነችም፣ እንደ ልብሽ ንጂ» እላታለሁ።

ብነግራት በምን ትሄዳለች ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸቴን ነው! እኔ የማልጠግነው ነገር አለ ብሎ መናገር ሞቴ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ባሏ ጥርሱን መክደን አቅቶት ሱቄ ገባ። የመኪና ቀለም ቀቢ ነው።

«ጋሼ፣ ሳይክሏን ብታያት አታውቃትም! ድንገት ደስ ላሰኛት ብዬ ትናንት ቀባኋት። አዲስ ሆነች በቃ።»

«ምኗን ቀባህ?»

«ሁሉንም ነዋ! የሆነ የተሞነጫጨረ ነገር ነበረባት፣ በቤንዚን ጠረግኩት። ከሥሩ ስንጥቅ ቢጤ አገኘሁ፤ በስቱኮ ደፍኜ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እጅህን ብታሳርፍበት አይታወቅህም።»

«እሷስ?»

«ይዛት ወጣች እኮ፣ አሁን።»

ወይኔ! ምን ብዬ ልቆጣው? ሙያው ነው፤ ስንጥቅ ካየ ይደፍናል። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ምንም ሳልነግረው የደንበኛ ሳይክል አፈፍ አድርጌ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልነካ ወረድኩት። በየመታጠፊያው የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ ክንድ ቀጭ ሲል፣ እህቴ በጭንቅላቷ ስትተከል። «ፈጣሪዬ፣ ዛሬን ብቻ!» እላለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነው የምነዳው።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አየኋት። በእግሯ ነው። የምታብረቀርቀዋን ሳይክል በአንድ እጇ እየገፋች፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በየጥቂት እርምጃው ትቆማለች።

«ወደቅሽ?»

«አልወጣሁባትም። መስመሮችህ ጠፍተው እንዴት ብዬ እወጣለሁ?»

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ጋሼ ደግሞ! ጎንበስ ብዬ የማላይ መስሎህ ነው? በየሳምንቱ እቆጥራቸው ነበር። ስድስተኛው ፈቀቅ ሲል፣ አሁንስ ይነግረኛል አልኩ። አንተ ግን ንጂ አልከኝ። ነዳሁ።»

ቁልፌን አውጥቼ ቀለሙን ፋቅኩ። ስቱኮው ተፈረፈረ። ስንጥቁ ክንዱን ዞሮት ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በእጄ ጫን ሳደርገው ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ባሌን እንዳትነግረው። ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ነው የደከመው፤ ይሄን ቢሰማ እንቅልፍ አይወስደውም» አለችኝ። «አንተ እንደሆንክ መደበቅ ታውቅበታለህ።»

ወገቧን ይዛ ቁልቁለቱን በእግሯ ቀጠለች።