ለጋሼ ሰቦቃ የተመረጡ ጥያቄዎች

ጋሼ ሰቦቃ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በነዚህ ሦስት ዓመታት ስለ ንብ አንዲት ነገር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኢሉባቦርን ንብ አናቢ ዛፍ ለዛፍ፣ ቀፎ ለቀፎ ሲያዳርሱ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ከዳሪሙ በእግሩ የመጣ ገበሬ፣ ከቡሬ በአውቶቡስ የመጣች ሴት፣ መቱ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእሳቸውን በር ነበር። አሁን የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠይቀው ውሻው ታስሮ እንደሆነ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ዲሪቤ፣ «እረፍት ናፈቀኝ ስትል አልነበር? ይኸው እረፋ» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን እረፍቱን አልፈለጉትም። ሰው እንዲጠይቃቸው ነው የፈለጉት፤ ይህን ደግሞ አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፍራል።

ልጃቸው ዬሮሳን ሳይነግሯት ገባት። የዞኑ ወጣቶች የከፈቱት «እንጠያየቅ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ማንም ሰው የቸገረውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጽፎ ይለጥፋል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። አንድ ጠዋት ወደ ቢሮ ስትጣደፍ በአባቷ ስልክ መዘገበቻቸው። ስማቸውን «ጋሼ ሰቦቃ፣ መቱ» ብላ ሞላች። ድረ ገጹ «በየትኞቹ ርዕሶች ላይ መመለስ ይፈልጋሉ?» ሲላት፣ ማታ እሞላዋለሁ ብላ አለፈችው። ማታም ረሳችው።

በማግስቱ የጋሼ ሰቦቃ ስልክ ጮኸ። «ጋሼ ሰቦቃ፣ ለእርስዎ የተመረጡ አምስት ጥያቄዎች አሉ» ይላል። መነጽራቸውን ፍለጋ ቤቱን አመሱት። አምስት ሰው፣ ያውም በአንድ ጠዋት። ሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ ቀን ብርቅ ነበር።

የመጀመሪያው የቡሬዋ ዱንያ ጥያቄ ነው። የእህቷ ሠርግ ደርሷል፣ ቅንድቧን የምትቀባው ቀለም ላብ ሲነካው ይፈስባታል፣ ምን ትቀባ? ጋሼ ሰቦቃ ደጋግመው አነበቡት። ቀለሙ ከሰም ይሠራ እንደሆነ አሰቡ፤ ሌላ ከንብ ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኙለትም። ያም ሆኖ ልጅቷ ከቡሬ ድረስ እሳቸውን ብላ ጠይቃለች። በእሳቸው ቤት ደጅ ድረስ የመጣን ሰው አላውቅም ብሎ መሸኘት ያለ ነው፤ ዝም ብሎ መመለስ ግን ነውር ነው። ስለዚህ በአንድ ጣታቸው፣ አርባ ደቂቃ ፈጅተው ጻፉላት፦

«ልጄ ዱንያ፣ አካም ቡልቴ? ቤተሰብ ደህና ነው? ቡሬ ዝናቡ እንዴት ነው? ስለ ቅንድብ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ይግጠምሽ። የእህትሽን ሠርግ የሰመረ ያድርገው።»

ሁለተኛው የስልክ ባትሪ ያበጠበት ልጅ ነው፤ እሱንም አላውቅም ብለው መረቁት። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው እንዲሁ። በማግስቱ አሥር ጥያቄ መጣ። ስለ ፀጉር፣ ስለ ቬሎ፣ ስለ ጥፍር፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ እንግሊዝ ኳስ። ከጎሬ አንድ ተማሪ፣ አባቴ ከሞተ አርባ ቀኑ ነው፣ ትምህርት ቤት መመለስ ከበደኝ ብሎ ጽፎ ነበር። ለእሱ ጠዋቱን ሙሉ ጻፉለት፤ የገዛ አባታቸው ሲሞቱ ለስንት ጊዜ ከሰው እንደሸሹ ሳይቀር ነገሩት። በወሩ መጨረሻ መቶ ስልሳ ጥያቄ መልሰው ነበር፤ መቶ ሃምሳ ያህሉ አላውቅም ነው። በመቱ ምድር ይህን ያህል አላውቅም ያለ ባለሙያ ከሳቸው በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ስለ ንብ ግን አንድም አልመጣም። ይኼ ከነከናቸው። አንድ እሑድ ዬሮሳንን አስቀምጠው፣ ለቅንድብ ያሰቡኝ ሰዎች ለንብ እንዴት ረሱኝ ብለው ጠየቋት።

ዬሮሳን ስልኩን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ቀጥሎ ወንበር ላይ ዘጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባኮ፣ ማንም እኮ አልላከልዎትም። ርዕስ ሳልሞላልዎት ስለቀረሁ ማሽኑ ነው የሚመርጠው። የመለሱትን እያየ፣ ይኼን ይወዳሉ ብሎ ተመሳሳዩን ያመጣልዎታል።»

«ዱንያስ?»

«ዱንያ የጠየቀችው ያገኘችውን ሁሉ ነው። እርስዎን አታውቅዎትም።»

ጋሼ ሰቦቃ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሸሚዛቸውን ቆልፈው ስልኩ ፊት የተቀመጡት ሰው ፈልጎኛል ብለው ነበር። ለካ የፈለጋቸው የለም። ዬሮሳን የአባቷን ፊት ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ፤ መሳቋ ቆጫት፣ ያን የምዝገባ ዕለት ችኮላዋ ደግሞ የባሰ ቆጫት።

አስተካክልልዎታለሁ አለችና እዚያው ተቀመጠች። «ንብና ማር» የሚለውን ርዕስ መረጠችላቸው። ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ «አይመለከተኝም» የሚለውን እየነካች አጠፋችው። ኳሱ ሄደ፣ ባትሪው ሄደ፣ ቬሎው ሄደ። «ሐዘንና ማጽናናት» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን ያዟት።

«ይኼንን አይመለከተኝም ልበል?»

ርዕሱን ነው እንጂ የጎሬውን ልጅ አይደለም ብላ አባብላ ነካችው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ማሽኑ ታዛዥ ነው። በማግስቱ ለጋሼ ሰቦቃ የተመረጠው ጥያቄ አንድ ብቻ፣ እሱም የንብ ሆነ። የዳሪሙዋ ኢብሴ ናት፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ማር በቆረጠች በሳምንቱ ንቡ ቀፎውን ጥሎ እየኮበለለ አስቸግሯታል። ማሩን ጠራርጋ እንዳትቆርጥ፣ ለንቡም ስንቅ እንድታስቀርለት፣ ጉንዳን እንዳይወጣ ከዛፉ ሥር አመድ እንድታደርግ፣ አንድም ሳያስቀሩ ጻፉላት። «ገላቶማ ጋሼ» ብላ አመሰገነች። ደስ አላቸው፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ይህቺም የማሽኑ እንግዳ መሆኗን አሁን ያውቃሉና፣ ደስታው እንደ ድሮው አልዘለቀም። ከዚያ ወዲያ በሁለት ቀንም በሦስት ቀንም አንድ የንብ ጥያቄ ይመጣል፤ መልሰው ስልኩን ያስቀምጡታል። ሸሚዛቸውን መቆለፍም ተዉ። እትዬ ዲሪቤ፣ ያ መነጽር ፍለጋ ቤት ማመሱ ይሻለኝ ነበር ብለው ለዬሮሳን በሹክሹክታ ነገሯት።

በአሥረኛው ቀን፣ ዬሮሳን ቁርስ ላይ እያለች ስልኩ ጮኸ። «ለእርስዎ የተመረጠ አንድ ጥያቄ» ይላል። ጋሼ ሰቦቃ የኢብሴ ንብ ዳግመኛ የሄደ መስሏቸው ከፈቱት። የቡሬዋ ዱንያ ናት።

«አላውቅም የሚሉን ጋሼ ሰቦቃ የት ሄዱ? ይኸው አሥር ቀናቸው፣ ድምፃቸው ጠፋ። ታመው ይሆን? መቱ ያላችሁ፣ ቤታቸውን የምታውቁ፣ እባካችሁ ጠይቁልን።»

ከሥሩ ሃያ ሦስት ሰው ጽፏል። ባለ ባትሪው ልጅ፣ ለጥያቄዬ መልስ ባጣ እንኳ እሳቸው እንዴት አደርክ ይሉኝ ነበር ይላል። ኢብሴ፣ ስለ ንብ እየመለሱ ነው፣ ሌላ እንዳይጠየቁ ሐኪም ከልክሏቸው ይሆናል ብላለች። የጎሬው ተማሪ መልእክት ከሁሉም አጭር ነው፦ «ካገኛችኋቸው ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ በሉልኝ።»

ጋሼ ሰቦቃ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ሞልቶ ነበርና ማንበብ አልቻሉም። ስልኩን ለዬሮሳን ሰጧት።

«ይኼንንም ማሽኑ ነው የጠየቀው?»

ዬሮሳን እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ስምዎትን አይቶ ያመጣልዎት ማሽኑ ነው፣ አባኮ። የጠየቁት ግን ሰዎቹ ናቸው።»

እሳቸውም፣ «ያጠፋሽውን ርዕስ ሁሉ መልሺልኝ» አሏት።

«ስለ ቅንድብ ምን ብለው ሊመልሱ ነው?»

«አላውቅም እላቸዋለኋ።»

ዬሮሳን አንድ በአንድ መለሰችላቸው፤ ቢሮም አረፈደች። ጋሼ ሰቦቃ መኝታ ቤት ገብተው ሸሚዝ ቀይረው መጡና ተቀመጡ። ከንብ ሌላ መልሱን አሳምረው የሚያውቁት ጥያቄ ሲቀርብላቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። «አለሁ ልጆቼ፣ ደህና ነኝ፤ ሐኪምም አልከለከለኝም» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ሃያ ሦስቱንም በየስማቸው እየጠሩ የቤተሰባቸውን ደህንነት መጠየቅ ያዙ። እትዬ ዲሪቤ ምሳ ሲያቀርቡ ገና ዘጠነኛው ላይ ነበሩ።