የአቶ ጓንጉል ትርፍ ወራት

አቶ ጓንጉል ከሞቱ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመንግሥት ዕዳ ለማወራረድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያመጣቸው የጡረታ ቢሮው ጥበቃ ነበር። በሩን አንኳኳ፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እጥፍወርቅን አስፈረመ፣ "በሉ ደኅና ዋሉ" ብሎ ሄደ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። አቶ ጓንጉል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንገድ ሥራ ግሬደር ኦፕሬተር ነበሩ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ጡረታቸውን በውክልና የሚቀበሉላቸው ወይዘሮ እጥፍወርቅ ነበሩ። አቶ ጓንጉል በታኅሣሥ መጨረሻ ሞቱ። ወይዘሮ እጥፍወርቅ በሳልስቱ ማግስት ቢሮ ሄደው መሞታቸውን ተናገሩ። ቢሮው በዚያ ሳምንት ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው እየተዛወረ ስለነበር፣ ወንበር ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው "ስንረጋጋ ይመለሱ" አላቸው። እርሳቸው ራሳቸው ስላልተረጋጉ አልተመለሱም። የሟች ጡረታ እስከ መስከረም ድረስ ሙሉው ሲከፈል ቆየ። ከዚያ አንድ ሰው ነቃና ወደ ሚስት ድርሻ ዝቅ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማንም ምንም አላለም። ባለፈው ኅዳር ግን ተጠሩ። ጉዳዩን የያዘችው ሰአዳ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ወንበር ሰጠቻቸው።

"እማማ፣ ባለቤትዎ ከሞቱ በኋላ የተከፈለ ትርፍ ክፍያ ተገኝቷል። መመለስ አለበት።"

"በልቼዋለሁ እኮ ልጄ። ለተዝካሩም ወጥቷል።"

"ይገባኛል። ካልተመለሰ ግን የአሁኑ አበልዎ ይቆማል።"

"አበሌ ከቆመ በምን እኖራለሁ?"

ሰአዳ መመሪያውን አገላበጠች። "ሌላ አማራጭ አለ" አለች። "ክፍያው ትርፍ የሆነው ሰውየው ስላልኖሩ ነው። ከጥር እስከ መስከረም ያለውን ከኖሩት ክፍያው ትክክል ይሆናል።"

"ማን?"

"ባለቤትዎ።"

ወይዘሮ እጥፍወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ይመጣል ማለት ነው?"

"የትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን" አለች ሰአዳ።

አቶ ጓንጉል የመጡት ከመታመማቸው በፊት በነበራቸው መልክ ነው። ሲሞቱ ከሚስታቸው በስምንት ዓመት ይበልጡ ነበር፤ አሁን በሦስት ዓመት ያንሳሉ። ወይዘሮ እጥፍወርቅ ከሌሊት ጀምረው ቤቱን ሲያጸዱ ነበር። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው በሩ ላይ ቆመዋል።

"እንኳን ደኅና መጣህ" አሉ።

አቶ ጓንጉል በአጠገባቸው አልፈው ገቡ። በቀጥታ ቁም ሣጥኑ ወዳለበት ጥግ ሄዱና ወደ መሬት ጎንበስ አሉ።

"እጥፌ፣ ተነሽ እንጂ። መሬቱ ይቀዘቅዛል።"

መሬቱ ላይ ማንም አልነበረም።

"እኔ እዚህ ነኝ" አሉ ወይዘሮ እጥፍወርቅ ከኋላቸው።

አቶ ጓንጉል ዱካ ስበው ጥጉ አጠገብ ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው፣ የተኛ ሰው ራስ በሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ አየሩን ቀስ አድርገው ይደባብሱ ጀመር።

ወይዘሮ እጥፍወርቅ በማግስቱ ቢሮ ሄደው አቤት አሉ።

"አያየኝም" አሉ።

"የተከፈለላቸው ለዚያ ዓመት ነው እማማ። የሚኖሩትም ያንን ዓመት ነው።"

"ከማን ጋር ነው የሚያወራው ታዲያ?"

"ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ማን ነበር?"

"እኔ ብቻ።"

"እንግዲያው ከእርስዎ ጋር ነዋ" አለች ሰአዳ፣ ቀጥሎ ያለውን ባለጉዳይ እየጠራች።

ወይዘሮ እጥፍወርቅ በታክሲ ወደ ቤት ሲመለሱ ትዝ አላቸው። በዚያ ዓመት አልጋው ስለሰፋባቸው ቁም ሣጥኑ ጥግ መሬት ላይ ነበር የሚተኙት። ወራቱን ሁሉ ግድግዳውን እያዩ ነው ያሳለፏቸው፤ አጠገባቸውም ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሰው ተልኮላታል፤ ለዚያን ዓመቷ እጥፍወርቅ። ቤት ሲደርሱ አቶ ጓንጉል አሁንም ዱካው ላይ ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ እጥፍወርቅ ለብዙ ጊዜ ቆመው አዩአቸው። ከዚያ ፍራሽ አወረዱና ጥጉ ላይ አነጠፉት። ተጋደሙ። የባላቸው እጅ ራሳቸው ላይ አረፈ። እጁ ከባድና ሞቃት ነበር።

ድምፁም ደረሳቸው። መልስ ሲሰጡ ግን ንግግሩ አይገጥምም፤ አቶ ጓንጉል የሚመልሱት ለሌላዋ ነው። ወይዘሮ እጥፍወርቅ ያን ጊዜ ሲያለቅሱ ምን ይሉ እንደነበር ለማስታወስ ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን አንዱ መጣላቸው።

"ለማን ትተኸኝ ሄድህ?" አሉ።

"የት ሄድኩ?" አሉ አቶ ጓንጉል። "ይኸው አለሁ።"

ይኼኛው ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ እጥፍወርቅ ያንን ዓመት እንደገና ኖሩት። ጠዋት ጥጉ ላይ ናቸው። ፀሐይ ሲጠነክር ጓሮ ዘይቱኑ ሥር ይቀመጣሉ። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ሆነው መንገዱን ያያሉ። በትክክለኛው ቦታ ላይ እስካሉ ድረስ አቶ ጓንጉል ከጎናቸው ይሆናሉ፣ ዓይናቸውም ሚስታቸው ዓይን ውስጥ ያርፋል። አንድ ቀን ወይዘሮ እጥፍወርቅ ድስት ሲያርር ሸትቷቸው ተነሡ። አቶ ጓንጉል ስለ ግሬደሩ ምላጭ የጀመሩትን ወሬ ለባዶው አግዳሚ ጨረሱለት። ወይዘሮ እጥፍወርቅ ቢመለሱም ወሬው አልቆ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ድስቱ ሲያርር ይተዉታል።

የሚጎድል ነገር እንዳይኖር ጥቁር ልብሳቸውን ከሣጥን አወጡ። ጸጉራቸውንም ተቆረጡ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው ዘሀራ ልብስ ስታሰጣ አየቻቸውና ደነገጠች።

"እትዬ እጥፌ፣ ማን ሞተብዎ?"

"ባለቤቴ።"

"ጋሽ ጓንጉል? ትናንት በር ላይ ቆመው አይቻቸው የለም እንዴ?"

"አዎ፣ ቤት ነው ያለው።"

ዘሀራ የያዘችውን አንሶላ ጨመቀችው። "አላህ ያጥናዎት" አለች።

ሌሎች ጎረቤቶችም ነገሩን ሰሙ። ለልቅሶ ይምጡ ወይስ እንኳን ደስ አለዎት ለማለት ስላልለየላቸው ማንም ሳይመጣ ቀረ። ወይዘሮ እጥፍወርቅም አልጠሯቸውም። ሥራ ነበረባቸው። ከባላቸው ጋር ለመቀመጥ የዚያን ዓመት ልቅሶ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ማልቀስ ነበረባቸው፤ መጀመሪያ ላይ ከብዷቸው ነበር። ግንቦት ሲገባ ግን ሳያስታውሱም ያለቅሱ ጀመር። አቶ ጓንጉል እንባቸውን በአውራ ጣታቸው ይጠርጉላቸዋል። "አይዞሽ፣ ያልፋል" ይሏቸዋል። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር ብዙም የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

ሐምሌ ሲመጣ አንድ የዘነጉት ነገር ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ እኅታቸው ከሐይቅ ከተማ መጥታ፣ ብቻሽን አትከርሚም ብላ ይዛቸው ሄዳ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ሐይቅ ነው ያሳለፉት። ይህን ያስታወሱት ጠዋት አቶ ጓንጉል ምንም የሌለበትን እጃቸውን እንደ ሻንጣ ተሸካሚ ወደ ታች ወጥረው ወደ አጥሩ በር ሲሄዱ አይተው ነው። ሮጠው ተከተሏቸው።

"ቶሎ ተመለሺ" አሉ አቶ ጓንጉል ለመንገዱ። "ለመስቀል እንዳትቀሪ።"

እጃቸውን አውለበለቡ። ከዚያ ዞረው በወይዘሮ እጥፍወርቅ አጠገብ አልፈው ገቡ።

ከዚያ ቀን በኋላ የትኛውም ቦታ አልሠራም። ጥጉ ላይ ቢተኙ፣ ዘይቱኑ ሥር ቢቀመጡ፣ አግዳሚው ላይ ቢሆኑ የባላቸው ዓይን አልፏቸው ይሄዳል። ስማቸውን እየጠሩ ጮኹ። እጅጌያቸውን ያዙ፤ አቶ ጓንጉል ምንም እንዳልያዛቸው ተራመዱ፣ ጨርቁም ከእጃቸው ወጣ። አቶ ጓንጉል ሻይ ለራሳቸው ያፈላሉ። ቆመው ይበላሉ። የሐይቅ መኪና በሚገባበት ሰዓት አጥሩ በር ድረስ ወጥተው በዝናብ ይቆማሉ፣ ተሳፋሪው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ማታ አልጋውን ትተው ጥጉ ላይ መሬት ይተኛሉ። ወይዘሮ እጥፍወርቅ ከጎናቸው ይተኛሉ። ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሁለቱም ብቻቸውን ያድራሉ።

በነሐሴ ወይዘሮ እጥፍወርቅ እንደገና ቢሮ ሄዱ።

"ሐይቅ ውሰዱልኝ" አሉ። "እኔ እዚያ ነኝ።"

"የሚኖሩት በተመዘገቡበት ቀበሌ ነው እማማ።"

"እንግዲያው ንገሩት። እዚሁ እንዳለሁ ንገሩት።"

"ከባለ ጡረታ ጋር መነጋገር የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም።" ሰአዳ መሳቢያዋን ስባ አንድ ወረቀት አወጣች። "ግን የምሕረት መመሪያ ወጥቷል። ከፈቀዱ የቀረው ጊዜ ይሰረዝልዎታል። አበልዎም አይነካም።"

"እሱስ?"

"በፈረሙበት ቀን ይወሰዳሉ።"

"ካልፈረምኩ?"

"መስከረም መጨረሻ ላይ ይወሰዳሉ።"

ወይዘሮ እጥፍወርቅ አሰቡ። በዚያ ዓመት ከሐይቅ የተመለሱት ለመስቀል ዋዜማ ነው። ከታገሡ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት አሉ፤ እጁ ራሳቸው ላይ የሚያርፍባቸው ቀናት።

"አሁን ምን እያደረጉ ነው?" አለች ሰአዳ። ይህን መጠየቅ ሥራዋ አልነበረም።

"በር ላይ ይቆማል።"

"በዚህ ዝናብ?"

"በዚህ ዝናብ።"

ሰአዳ ወረቀቱን ወደ እርሳቸው አልገፋችውም፤ መልሳም መሳቢያ ውስጥ አላስገባችውም። ወይዘሮ እጥፍወርቅ ሳይፈርሙ ተነሡ።

እስከ ጳጉሜን ድረስ ታገሡ። አቶ ጓንጉል ሳል ጀመራቸው። ሻይ ሲያፈሉ ሁለት ብርጭቆ ያወጣሉ፤ አንደኛው ሲቀዘቅዝ ደጅ ይደፉታል። ወይዘሮ እጥፍወርቅ ብርጭቆው ሳይደፋ ሊጠጡት ሞከሩ፤ ሻዩ ከንፈራቸው ላይ ቢደርስም አላረጠበውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው መጥቶ ከሄደ በኋላ አቶ ጓንጉል አጥሩን ደገፍ ብለው ቆዩ።

"ተቀይማኝ ይሆን?" አሉ።

ወይዘሮ እጥፍወርቅ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደረሱና ፈረሙ። ሰአዳ ማኅተሙን መታች፤ እጇ ማኅተሙ ላይ ትንሽ ቆየ።

ጥበቃው በዚያው ምሽት መጣ። አቶ ጓንጉል ጥበቃውን ያዩታል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

"ባለቤቴ ሐይቅ ናት" አሉት። "እስክትመጣ ልጠብቃት ነበር።"

"ይነገራታል" አለ ጥበቃው።

"ቁልፉን የት ላድርግላት?"

"ይተዉት፣ ክፍት ይሁን።"

አቶ ጓንጉል ኮታቸውን ለበሱ። ወይዘሮ እጥፍወርቅ የኮቱን ኮሌታ ከኋላ አስተካከሉላቸው፤ ኮሌታው መልሶ ተጣጠፈ። ሁለቱ ሰዎች በጭቃው ላይ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጡ ወረዱ። ወይዘሮ እጥፍወርቅ መንገዱ እስኪጨልም ድረስ ቆሙ። በነጋታው ጥቁር ልብሳቸውን አጥበው አሰጡና ነጩን ለበሱ። አበሉ በወሩ ገባ።

በመስቀል ዋዜማ፣ ሰፈሩ በሙሉ ለደመራ ወጥቶ ሳለ፣ የአጥሩ በር ተከፈተ። ጥቁር የለበሰች፣ ጸጉሯን የተቆረጠች ሴት ገባች። ገና ስድሳ አልሞላትም። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች።

"ጓንጉል!" አለች።

ወይዘሮ እጥፍወርቅ አወቋት፤ የዚያን ዓመቷ ራሳቸው ናት። ሲፈርሙ ስለ እርሷ ፈጽሞ አላሰቡም ነበር።

ሴትዮዋ ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጣ ገባች። ጥጉን አየች። አልጋውን አየች። ጓሮ ወጥታ ዘይቱኑ ሥር አየች። ዱካውን ከቦታው አንሥታ ሥሩን አየች።

"እኔ ነኝ የሸኘሁት" አሉ ወይዘሮ እጥፍወርቅ እየተከተሏት። "ብርድ እየመታው ነበር። አሳዝኖኝ ነው።"

ሴትዮዋ በአጠገባቸው አልፋ ወጣችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መንገዱን ታይ ጀመር። አላለቀሰችም። ከሩቅ የደመራው ዘፈን ይሰማል። ወይዘሮ እጥፍወርቅ መሄጃ አልነበራቸውም፤ በሩ መቃን ላይ ቆሙ፣ ሲደክማቸውም ወደ አግዳሚው መጡ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትንሽ ጠጋ አለችላቸው።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፌስታሉ ውስጥ የሐይቅ ዓሣ ነበር። አሁንም አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።