ሚሉንካ ጥርሷን በብረት ያሳሰረች ጊዜ

ባለቤቴ ሚሉንካ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ጥርሷን በብረት አሳስራ ቤት የገባች ቀን እኔ በረንዳው ላይ ለክረምት የሚቀመጥ ቀይ ቃሪያ እጠብስ ነበር። ፈገግ ስትል አፏ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። የከረሜላ ወረቀት የበላች መሰለኝ። ምንድን ነው ብላት፣ ከሁለት ወር በፊት ነግሬህ "እሺ፣ ጥሩ ነው" ብለኸኛል አለች። ለካስ ነግራኛለች። ያን ጊዜ እቃ ማጠቢያው ሥር ተጋድሜ ቱቦ እየፈታሁ ስለነበር፣ ስለ እህቷ ልጅ የምታወራ መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት።

"ሃምሳ ዓመት አብረሻቸው ኖረሽ ዛሬ ምን በደሉሽ?" አልኳት።

"ሃምሳ ዓመት ሙሉ እየተፋጩ ኖሩ፤ የፊቶቹ አለቁ። ንክሻዬ ትክክል አይደለም አለችኝ፣ ዶክተር ቴዎዶራ። ዓመት ተኩል ይፈጃል።"

እኔ ጎይኮ እባላለሁ፤ ዝሬንያኒን በምትባል ከተማ ሊፍት እጠግናለሁ። ሚሉንካ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት የባለጉዳይ መስኮት ጋ ተቀምጣ የተወለደውን፣ ያገባውንና የሞተውን ትመዘግባለች። ልጃችን ሌላ ከተማ፣ ኖቪ ሳድ፣ ስለሚኖር ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ካላወራች ቤቱ ዝም ይላል ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ምንም አላመማትም። ባቄላ ሾርባውን በቋሊማ ጠጣች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያስፈራራት የከረመበት ሕመም ይሄ ነው እንዴ ብላ ሳቀች። እኔም ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን የዳቦውን ለስላሳውን ክፍል ቆርሳ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ ጥርሷን ለመግጠም ሞከረችና መልሳ አውጥታ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ዳቦው ሻግቶ ይሆን ብዬ አሸተትኩት። ደህና ዳቦ ነበር።

ማታ ስትመለስ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ አልኳት። ከላይ በኩል አንዱን ጥርስ ነካች። ትንሽ ቆይታ ከታች ሌላውን ነካች። ከዚያ ጆሮዋን ያዘች።

"የት እንደሚያመኝ ባውቅ እነግርህ ነበር" አለች።

ዶክተሯ የሰጠቻት ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር። ለሦስት ለአራት ቀን ለስላሳ ምግብ ይበላ ይላል። ለብ ባለ ውኃ ጨው አሟሙቶ መጉመጥመጥ ይላል። ሲብስ ፓራሲታሞል፤ ብረቱ ከንፈር ወይም ጉንጭ ሲልጥ ደግሞ ሰም መለጠፍ ይላል። ሰሙ ቀላል ነው ብዬ፣ ሳልነግራት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ ገዛሁ። የሁለቱ ጧፍ የሚበራበት ቦታ ስለሚለያይ ሻጯ ሴትዮ እንደ ልማዷ "ለሕያዋን ነው ለሙታን?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም "ለጥርስ" አልኳት። ሴትየዋ አማተበች።

ጧፉን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ሚሉንካ ሳቀች፤ ወዲያው ጉንጯን ይዛ አቃሰተች። ከቦርሳዋ ትንሽ የላስቲክ ሳጥን አወጣች። የሐኪም ቤቱ ሰም ለካ መጀመሪያውኑ እሷ ዘንድ ነበር። ሽምብራ የምታህል ቆርሳ በጣቷ አድቦለቦለች፤ ብረቱን በሶፍት አድርቃ ጫን አድርጋ ለጠፈችበት። እኔ ቆሜ አየሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ምክር ጎረፈ። እህቷ ስታና ቅርንፉድ ያዢበት አለች። የሥራ ባልደረባዬ ላዛር የፕለም አረቄ አፏ ውስጥ ታቆይ፣ እንዳትውጠው ብቻ አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ያደነዝዛል የሚል አለ፤ ሙቅ ነው የሚሻለው የሚልም አለ። ማንን እንደማምን ስላላወቅኩ ሁሉንም አመጣሁላት። በረዶውን ሰጥቻት ሳትጨርስ ሙቁን የጨው ውኃ ይዤ ቀረብኩ።

"ጎይኮ፣ አፌን አስረክቤሃለሁ እንዴ?" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ሕመሙ ለቀቃት። በአምስተኛው ሳምንት ዶክተሯ ብረቶቹን የሚያያይዘውን ሽቦ ስታጠብቅ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ብልህ ሆኜ ልጠብቃት ወሰንኩ። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሊፍት ጋር ኖሬአለሁ፤ ድምፁን ሰምቼ፣ አካሄዱን አይቼ የትኛው ብሎን እንደላላ አውቃለሁ። ሚስቴንም አተኩሬ ካየኋት የሚያማት የቱ ጋ እንደሆነ የምደርስበት መሰለኝ። ማንኪያውን ባነሳች ቁጥር አያታለሁ። በዋጠች ቁጥር "አመመሽ?" እላታለሁ። መጀመሪያ አዎ፣ አይ ትለኝ ነበር። ቀጥሎ ትከሻዋን ብቻ ትነቀንቅ ጀመር። ከዚያ ራት ላይ አልራበኝም ማለት አመጣች።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ አምሽታ መግባት ጀመረች። ከሥራ የምትወጣው በዘጠኝ ተኩል ነው፤ ቤት የምትደርሰው ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን። የት ነበርሽ ስላት ጥርስ ሐኪም ጋ ትላለች። ወረቀቱን ተነሥቼ አየሁት፤ በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይላል። አንደኛው ሐሙስ አለፈ፣ ሁለተኛውም። ለላዛር ባልነግረው ይሻለኝ ነበር፤ ነገርኩት።

"ወዳጄ፣ ሴት በሃምሳ ዓመቷ ጥርሷን የምታስተካክለው ለማን ብላ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለኝ።

አፍህን ዝጋ አልኩት። እሱ ዘጋ፤ ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ቤት ገባ። ያን ሰሞን ሚሉንካ ስታወራ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ስስማት ፊቷን ታዞራለች። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ቤታችን ውስጥ የገባው ባዳ ግን ማን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

በሦስተኛው ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በእጄ የሚሉንካን ጃንጥላ ይዣለሁ፤ ዝናብ ስለሚመጣ ላደርስላት ነው ልል። ዶክተር ቴዎዶራ ራሷ ወጣች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ የማይሞላት ቀጭን ሴት ናት። ሚሉንካን ሽቦ ካጠበቀችላት ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንዳላየቻት ነገረችኝ።

"ለመሆኑ እንዴት ናቸው? ሕመሙ ለቀቃቸው?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እሷም ግር አላት። ጃንጥላውን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ቆሜ፣ ውሸት ላይ የተያዘው ማን እንደሆነ አሰብኩ፤ እሷ ናት ወይስ ጃንጥላ ይዤ ሚስቴን ልሰልል የመጣሁት እኔ? ልቤ ሁለቱንም አለኝ።

ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ስወርድ፣ ጥጉ ላይ ካለው ወተት ቤት መስኮት ውስጥ የማውቀውን ቡናማ ካፖርት አየሁ። ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ሚሉንካ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ብቻዋን ተቀምጣለች። ገባሁና ከጎኗ ቆምኩ። ከፊቷ አንድ ጎድጓዳ ሳህን በወተት የፈላ ቀጭን የስንዴ ገንፎ አለ፤ በሻይ ማንኪያ ትንሽ ትንሽ እያደረገች በግራ በኩል ትበላለች። አገጯ ላይ ወተት ወርዷል። ስታየኝ ደነገጠችና በመሐረብ አፏን ሸፈነች።

ተቀመጥኩ። ጃንጥላዋን ወንበሩ ላይ አንጠለጠልኩ። ከሐኪም ቤት እየመጣሁ ነው አልኳት። ገባት።

"ሰው አለኝ ብለህ ነው?" አለች።

"ምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም።"

"ገንፎ ነው ያለኝ" አለች። ቀጥላ ማንኪያውን አስቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች። "ጎይኮ፣ ስበላ ታየኛለህ። ሊወድቅ እንደደረሰ ሊፍት ታየኛለህ። ያመኛል፤ ማመሙን እችለዋለሁ። አንተ እያየኸኝ ግን ሁለት ሰው ነው የሚያመው። ይሄ ደግሞ ይንጠባጠባል፣ ምግብ ይሰካበታል፣ ያስጠላል። እዚህ ማንም አያውቀኝም። በሳምንት አንድ ቀን እስክጠግብ እበላለሁ፤ ሌላ ምንም የለም።"

እኔ ባግዛት ብዬ ነበር ያየኋት። ይቅርታ ልበል ወይስ ልቆጣ ሳላውቅ፣ በግራ ብቻ ለምን ትበያለሽ አልኳት። የቀኙ ይወጋኛል አለች። ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሕመም አለው ተብያለሁ፣ ይሄም ከሕመሙ አንዱ ነው ብዬ ቻልኩት አለች። ክፈቺ አልኳት፤ የወተት ቤቱ አስተናጋጅ እያየችን አፏን ከፈተች። የስልኬን መብራት አበራሁ። ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ የሽቦው ጫፍ ወጥቶ ጉንጯን ቀዶታል። ሥጋው ነጭ ሆኗል።

"ሰሙን አልለጠፍሽበትም?"

"ይወድቃል። ኋላ ድረስ ጣቴ አይገባም።"

ገንፎውን እስክትጨርስ ጠበቅኳት፤ ወደ መስኮቱ እያየሁ። ከዚያ ተያይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተር ቴዎዶራ የሽቦውን ጫፍ በትንሽ መቁረጫ ቆረጠችው፤ ሚሉንካ ተቀምጣ እስክትነሣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሚሉንካ ምላሷን ወደዚያ ሰደደች፣ መልሳ ሰደደች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ግን ደግማ አስረዳችን። ጥርስ ሁሉ በአንድነት የሚከብድበት፣ የት እንደሆነ የማይታወቀው ሕመም ጥርሱ ቀስ እያለ ቦታ እየለወጠ ስለሆነ በሦስት በአራት ቀን ያልፋል፤ እሱ በማስታገሻና በለስላሳ ምግብ የሚቻል ነው። አንድ ቦታ ለይቶ የሚወጋው ግን የሚቻል አይደለም፤ ለእሱ በዕለቱ ስልክ ይደወላል። ወረቀቱ ላይ ይሄ ለምን አልተጻፈም ብዬ ጠየቅኳት። ጀርባው ላይ አለ አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጀርባው ከፍሪጁ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቤተሰባችን በየዓመቱ የሚያከብረው የቤታችን በዓል፣ ሚካኤል ደረሰ። እንግዳው ሞላ። ስታና ከቤቷ ጠብሳ ያመጣችውን አሳማ ቆርጣ፣ ቆዳው ሲነከስ የሚንኮሻኮሸውን ምርጡን ብልት እህቷ ሳህን ላይ አደረገች። ሚሉንካ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን እየፈታች የተፈጨውን ሥጋ ብቻ እያወጣች ከድንች ፍትፍት ጋር ትበላለች። ስታና አንዴ አየች፣ ሁለቴ አየች፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከጠዋት ጀምሬ የደከምኩበትን ናቅሽብኝ አለች። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የሚሉንካ ጥርስ የእኔ አይደለም።

ሚሉንካ ወንበሯን ወደ እህቷ አዞረችና አፏን ከፍታ አሳየቻት።

"ይኸውልሽ፣ ስታና። ይሄን ቆዳ ብነክስ ብረቱ ይነቀላል።"

ስታና መነጽሯን አደረገች። ብረቱን አንድ በአንድ አየችው፤ ጎንበስ ብላ የታችኛውንም አየች።

"ያማል?" አለቻት ዝግ ባለ ድምፅ።

"ያማል። አሁን አሁን ግን የትኛው ምን እንደሆነ መለየት ጀምሬአለሁ።"

ስታና ቆዳውን አንሥታ የእኔ ሳህን ላይ አደረገችው፤ ለእህቷ ከመሐሉ ለስላሳውን ሥጋ ደቀቅ ደቀቅ አድርጋ ከተፈችላት። ከዚያ ወዲያ በገበታው ላይ ስለ ጥርስ የተናገረ ሰው አልነበረም።

በቀጣዩ ሳምንት ሽቦው ሊጠብቅ ሲል አብረን ሄድን። ማስታገሻዋን አስቀድማ ውጣ ስለነበር ያን ዕለት እምብዛም አላመማትም። ሲጨርሱ ወተት ቤቱ ገባን፤ ሁለት ገንፎ አዘዝን፤ ጎን ለጎን ሆነን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። አስተናጋጇ ሳህኑን ስታስቀምጥ፣ ተጣልታችሁ ነው እንዴ አለችን። ሚሉንካ አይ አለቻት። ከዚያ ዝም ብላ መብላት ቀጠለች። ዝምታው የሕመም ይሁን የጥጋብ መለየት አልቻልኩም፤ ልጠይቃትም አልፈለግሁም። ገንፎው ስኳር በዝቶበት ነበር።