በቃኝ የማትለው ልጄ

የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከሆስፒታል ወጥተው ዘመድ ቤታቸው በተሰበሰበበት እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ ሰው ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ። «የሰው በር ስትበይድ ኖረህ የገዛ ልጅህን እስር ቤት ከተትካት» አለኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው።

ይህ ሰው ፋርማሲስት ነው። ነጭ ጋውኑን ሲተኛም የሚያወልቅ አይመስለኝም። እህቱን ላገባት የጠየቅሁ ጊዜ «እጁን አይታችሁታል?» ብሎ ነበር፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜ እየሰማሁ። ሌላ ቀን ደግሞ የመድኃኒት ማዘዣ ዘቅዝቄ ይዤ አየኝና ሲስቅብኝ ዋለ። አልረሳሁም። ስድቡን የሚረሳ ሰው ጨዋ ይባላል፤ እኔ ጨዋነቱ ይቅርብኝ ብያለሁ።

ነገሩ ግን የልጄ ነውና ከእሷ ልጀምር።

ስትወለድ እንደ እርጥብ ጨርቅ ልፍስፍስ ያለች ነበረች። ጡት መሳብ አቅቷት ወተቱን በጠብታ ነበር የምናጠጣት፤ አንድ ጉንጭ ስትውጥልን ቤቱ የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ኋላ አፍ ከፈታች በኋላ መብላት ጀመረች፤ ደስ አለን። ከዚያ ወዲያ ግን ማቆም የሚባል ነገር የለም። ሳህኗን ጨርሳ የእኔን ታያለች፣ የእኔን ጨርሳ የእናቷን። ጥሬ ዱቄት፣ የረጋ ቅባት፣ አንድ ቀን የጥርስ ሳሙና ከቱቦው ጨምቃ። ሆዷ ተወጥሮ እንኳ ፊቷ የተራበ ሰው ፊት ነው።

ሐኪሟ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ አስቀምጣ አስረዳችን። አንጎል ውስጥ፣ ወደ ታች፣ ረሃብና ጥጋብን የሚያዝ ትንሽ ቦታ አለ። «ራበኝ» እና «በቃኝ» የሚሉትን መልእክቶች ከቦታ ቦታ የሚያደርሱ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ኒውሮፔፕታይድ አለቻቸው። ገና በማህፀን ሳለንም አሉ። ሥራቸው ምግብ ማስጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ አንጎሉ ገና ሲገነባ መስመሩ በየት በየት እንደሚዘረጋ በማሳየት ሳያግዙ አይቀሩም አለችን። የልጄ ያ ቦታ ከጅምሩ ተዛንፏል። «በቃኝ» የሚለው አይደርሳትም። «ሆዳምነት አይደለም፤ የእናንተም ጥፋት አይደለም። ማድ ቤቱን ግን ቆልፉ። ከልክ በላይ ከበላች ሆዷ ሊቀደድ ይችላል።»

ቆለፍኩ። ማድ ቤቱን የብረት በር አደረግሁለት፤ ፍሪጁ ላይም የቁልፍ ማስገቢያ ቀለበት በየድኩ። ቁልፉ ስተኛም አንገቴ ላይ ነው። ልጄ ቀኑን ሙሉ የተቆራረጠ ሥዕል ስትገጣጥም ትውላለች፤ በዚህ የሚያህላት የለም። ጣቷ ግን ሥዕሉ ላይ፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

ለዘመድ አልተናገርንም። «ጭንቅላቷ ነው ይሏታል፤ ስሟ እሱ ሆኖ ይቀራል» አለች ሚስቴ። እኔም አዎ አልኩ። ስለዚህ ዘመድ የሚያውቀው ቁልፉን ብቻ ነው። አንድ ቆጥቋጣ በያጅ፣ አንዲት የምታሳዝን ልጅ።

የዚያን እሑድ ሚስቴ እናቷን አስቀድማ ለምናቸው ነበር፤ ድስት ጠረጴዛ ላይ እንዳይወጣ፣ ማድ ቤቱ እንዲዘጋ። «እሺ የኔ ልጅ» አሉ። ዘጉትም። ነገር ግን የልጅ ልጅ ፊት ማድ ቤት መዝጋት አንጀታቸው አልቻለም፤ የማድ ቤቱን የጓሮ በር ገርበብ አድርገው ተዉላት። አያቷ ቤት እንኳ ትብላ ብለው።

ከአጠገቤ መቼ እንደተነሳች አላየሁም። አማቴ ስለ ቀዶ ጥገናቸው እያወሩ ሰዉን ያስቁ ነበር። «ሐሞቴን አውጥተው ጣሉት፤ ከእንግዲህ ባለቤቴን በምን ወኔ ልቆጣ?» ይላሉ። እኔም እስቅ ነበር።

ፋርማሲስቱ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ልጄን በክንዷ ይዟት ገባ። ከማድ ቤቱ የቆሻሻ ባልዲ እያወጣች ስትበላ ነው ያገኛት። አገጯ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተለጥፏል። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ልጄን አይደለም፤ የሰዉን ፊት ነው። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

«ነይ እናቴ፣ እዚህ ማንም አይከለክልሽም» ብሎ ፋርማሲስቱ ወንበሩን ለቀቀላት። ሩዝ ቆለለ፣ ሥጋ ጨመረ። ልጄ አጎነበሰች። ተነስቼ ሳህኑን ከፊቷ አነሳሁ። ያዘችው። ጎተትኩ። አባትና ልጅ በሰው ፊት ሳህን ተጓተትን። ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ እሷም የተበተነውን በመዳፏ እየዛቀች ወደ አፏ ትከታለች።

ያን ጊዜ ነው የሰደበኝ።

«ጋሼ፣ ተወኝ» አልኩት።

«ምኑን ነው የምተወው? ልጅ ቆሻሻ ስትበላ እያየሁ? ለመሆኑ ምን አደረገችህ?»

«ተው በናትህ» አለች ሚስቴ። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር። እንዳትናገር ትበለኝ፣ ተናገር ትበለኝ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«አንቺ ዝም በዪ። እሱ ይመልስ። አፍ የለውም? ወይስ እሱንም በይዶታል?»

አንዳንዱ ሳቀ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ጉንጯ እንደሞላ ማኘኳን አቆመች፤ ምግብ አፏ ውስጥ ይዛ ስታቆም አይቻት አላውቅም። የምለውን ስለምታውቅ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ ያ ሁሉ ዓይን ከእኔ ተነስቶ ጭንቅላቷ ላይ ሊያርፍ ነው፤ እዚያው ተተክሎ ሊቀር ነው።

ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብል ደስ ባለኝ። ግማሹ እንደዚያ ነው። ግማሹ ግን ያችን ኒውሮፔፕታይድ የምትል የሐኪም ቃል አጣምሜ ብጠራት፣ ይህ ሰው በሰው ፊት ያርመኛል ብዬ ነው። ልጄ ሩዝ ስትለቅም እኔ ስለ አጠራሬ እጨነቅ ነበር።

አገጯን በእጅጌዬ ጠረግሁላት። «ተነሺ» አልኳት።

«አልጠገብኩም አባዬ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

እጇን ያዝኩ፤ ቅባቱ ያዳልጣል፤ አጥብቄ ያዝኩት። ሚስቴ ቦርሳዋን ትፈልጋለች። አማቴ «ኧረ ልጆች» ይላሉ። እሱ ከኋላዬ «መልስ እንጂ ሰውዬ፣ አንተን እኮ ነው!» ይላል።

ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ።