ባዶ የተተወው መስመር

ዶሪን ካስል የተሰጣትን ቅጽ በእርሳስ ስትሞላ አንድ መስመር ባዶ ተወች። ስሟን ጽፋለች፤ የተወለደችበትን ቀን ጽፋለች፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት የኖረችባቸውን ቤቶች ከነቁጥራቸው ደርድራለች። «አሁን የሚኖሩበት አድራሻ» ከሚለው ፊት ለፊት ግን የፖስታ ሳጥን ቁጥሯን ጽፋ፣ መልሳ ፍቃ፣ እንዲሁ ትታዋለች። የተፋቀው እርሳስ ጥላ ወረቀቱ ላይ ይታይ ነበር። ብሪታ ሃልቨርሰን አይታዋለች። አይታው ሳለ ነው መስመሩን የሞላችው።

ብሪታ በትልቅ ሐይቅ ዳር ባለችው የአሜሪካ ከተማ በዱሉት ውስጥ ለሸማቾች በሚታተም አንድ መጽሔት ትሠራለች። ሥራቸው ዕቃ ገዝቶ መፈተን ነው፤ የበረዶ መጥረጊያ፣ የመኪና ጎማ፣ የሕፃን ወንበር። በዚያ ዓመት የደረሳት ግን ዕቃ አልነበረም። የሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ መኖሪያና የዘመድ ዝርዝር እየለቀሙ ለጠየቀ ሁሉ የሚቸበችቡ ድረ ገጾች አሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደላሎች ይሏቸዋል። ከደላሎቹ ዘንድ መረጃዎን እናስጠፋልዎታለን ብለው በየወሩ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች ደግሞ አሉ፤ እነዚህን አጽጂዎች ይሏቸዋል። ብሪታ አምስት አጽጂዎችን እንድታወዳድር ተመደበች። ለእያንዳንዱ አራት አራት በጎ ፈቃደኛ፣ በድምሩ ሃያ ሰው። አድልዎ እንዳይኖር ድርጅቶቹ ውጤቱ እስኪታተም ድረስ በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራሉ።

መጽሔቱ የሚኮራበት አንድ ወግ አለው። «እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ መረጃ» ይላል ዋና አዘጋጁ ሃርላን፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር። «በውሸት የፈተኑት ነገር ውጤቱም ውሸት ነው።» እውነቱ ላይ የሚጨምሩት አንዲት ምልክት ብቻ ናት፤ በእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ አድራሻ ጭራ ላይ የሌለ የክፍል ቁጥር ይሰካሉ። ያ ቁጥር አንድ ቀን የሆነ ቦታ ብቅ ካለ፣ ከእነሱ ቅጽ እንደወጣ ይታወቃል። ዶሪን የደረሳት አጽጂ ቁጥር አራት ነበር፤ የተሰካላት የክፍል ቁጥር አርባ አራት።

ብሪታ የዶሪንን ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ፣ የቁጥር አራት ድረ ገጽ ባዶ መስመር አልቀበልም አለ። የፖስታ ሳጥንም አልቀበልም አለ። በቀይ ቀለም እየጻፈ መለሳት። ብሪታ ደግሞ የዶሪንን ቤት ታውቀዋለች። ለቃለ መጠይቁ ሄዳ፣ ዶሪን ድንችና የተፈጨ ሥጋ በምድጃ ጋግራ አቅርባላት፣ «ሰው ይህን ደጃፍ ከረገጠ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ብዪ እንጂ!» ብላታለች። ዶሪን ከቀድሞ ባሏ ከራንደል ሦስት ጊዜ ቤት ቀይራ የሸሸች ሴት ናት። ሁለት ጊዜ አግኝቷታል። በሁለተኛው ጊዜ የሰበራቸው ሁለት ጣቶቿ ዛሬም አይታጠፉም፤ የማቅረቢያ ሳህኑን የያዘችው በነዚያው ጣቶች ነበር።

ብሪታ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ግን አሥራ ዘጠኙ ሰው ሙሉ መረጃ ሰጥቶ አንዷ ብትጎድል ንጽጽሩ ይበላሻል። የቤቱን ቁጥር፣ የመንገዱን ስም፣ «ክፍል 44» ብላ ጻፈች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ይህ በመስከረም ነው።

በጥር፣ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ብሪታ ጠዋት ገብታ የመጨረሻውን ፍተሻ ጀመረች። አሸናፊው ታውቋል። ቁጥር አራት ከተገኙት ገጾች ከመቶ ዘጠና አንዱን አስጠፍቷል፤ ተከታዩ ሰባ እንኳ አልሞላም። ሃርላን «አንደኛ» የሚል የወርቅ ማህተም ለሽፋኑ አሠርቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

የዶሪንን ስም ጽፋ ፈለገች። አሮጌዎቹ ገጾች የሉም። ድራሻቸው ጠፍቷል። በመስከረም ስለ ዶሪን አንዲት ቃል ያልነበረው አንድ ትንሽ ደላላ ግን አዲስ ገጽ ከፍቶላታል። ስም። ዕድሜ፣ ሃምሳ ሁለት። አሁን የምትኖርበት ቤት፣ ክፍል 44። ከሥሩ «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» ይላል፤ የመጀመሪያው ራንደል ነው። ከራንደል ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል፣ «ይህ ገጽ በዚህ ወር ስድስት ጊዜ ታይቷል።»

ብሪታ የከፈተችው አሁን ነው። አንድ ጊዜ።

«ገጹን ለማስወገድ እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ተጫነች። «እርስዎ መሆንዎን እንድናውቅ፣ አሁን የሚኖሩበትን አድራሻ ያረጋግጡ» አላት። ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው፤ የጎረቤቷ የሻይ ኩባያ ዘለለ።

ቁጥር አራት ዘንድ ደወለች። ያነሳው ሰው ድምፁ ማር ነው።

«ስታጸዱ ለደላሎቹ ምንድን ነው የምትልኩት? ስም ብቻ ነው?»

«ስም፣ የልደት ቀን፣ የቀድሞና የአሁን አድራሻ፣ እመቤቴ። ሰውየው የትኛው እንደሆነ ካላወቁ እንዴት ያጠፉታል?»

«ለስንቱ ደላላ ነው የምትልኩት?»

«ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም!» አለ በኩራት።

«ስለ ሰውየው ምንም ለማያውቀውም?»

«ማን ምን እንዳለው ቀድመን ማወቅ አንችልም። ስለዚህ ለጥንቃቄ ለሁሉም እንልካለን።»

«ለጥንቃቄ! ሌባው የሰረቀውን እንዲመልስ ብላችሁ፣ ያልሰረቀውን ሁሉ ጠርታችሁ ቤቱን አሳያችሁት! ጅብን ሥጋ ጠብቅልኝ ብሎ የሚያስከፍል ሰው በእናንተ አየሁ!»

«እመቤቴ፣ አድራሻዋን ያስገባችው እኮ ደንበኛችን ራሷ ናት። ውላችን ላይ—»

ብሪታ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ደንበኛችን ራሷ። ያቃጠላት የሰውየው ነገር አልነበረም። እሱ የመሰለውን ነው ያለው። ውሸት መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ነው ያቃጠላት።

ዶሪን የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ንጋት ላይ ገብታ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቷ ትደርሳለች። ብሪታ ስትደርስ ዶሪን የደረጃዋን በረዶ በአካፋ ትዝቅ ነበር።

«ብሪታ! ምነው በዚህ ብርድ ያለ ኮፍያ? ነይ ግቢ፣ የትናንቱ ምግብ አለ።»

«አልገባም፣ ዶሪን። መጀመሪያ ልንገርዎት። ከገባሁ አፌ አይከፈትም።»

ቆማ ነገረቻት። ገጹን፣ ክፍል 44ን፣ ስድስቱን። ዶሪን አካፋውን በረዶው ውስጥ ሰክታ ሁለት እጇን አጣጥፋ አዳመጠቻት።

«እኔ ባዶ ትቼው ነበር» አለች ዶሪን።

«አውቃለሁ።»

«ረስቼ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«ቅጹ አላሳልፍ ብሎኝ—»

«ቅጹ!» ዶሪን ወደ ፊት ተራመደች፤ ብሪታ ሳታውቀው ወደ ኋላ አለች። «ራንደልም እኮ በመታኝ ቁጥር ምክንያት ነበረው። አንድ ቀን አለቃው፣ አንድ ቀን መጠጡ፣ አንድ ቀን የቀዘቀዘ ሾርባ። አንቺ ደግሞ ቅጽ አለሽ! የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ስልክ ማንሳት አቃተሽ? "ዶሪን፣ ይህን ልጻፍ ወይ?" አራት ቃል ናት!»

ዶሪን መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘች።

«ስድስት ጊዜ ያየው ማነው?»

«አላውቅም። የድርጅቱ መሣሪያ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደላላው እየቆጠረ—»

«ሊሆን ይችላል። "ሊሆን ይችላል"ን ተንተርሼ አልተኛም።»

«ፖሊስ እንጥራ።»

«ፖሊስ መጥቶ ምን ይለኛል? "እስካሁን ምን አደረገሽ?" ይለኛል። እስካሁን!» በረዶው ላይ እንትፍ አለች። «በይ ነይ፣ ካርቶን አንሺ። ለዚህ እንኳ ትሆኛለሽ።»

ብሪታ ለቃለ መጠይቁ መጥታ ቤቱን ብትጎበኘውም አላየችውም ነበር። የልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተፈቱ ካርቶኖች ተደራርበዋል። ከማድ ቤቱ መደርደሪያ በር ጀርባ መጀመሪያ የሚወጣው ምን እንደሆነ የሚናገር ዝርዝር በምስማር ተመትቷል፤ መድኃኒት፣ ሰነድ፣ የእናቷ ሰዓት፣ የክረምት ጫማ። ዶሪን ወደ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደውላ «ዛሬ ነው» አለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባልደረባዋ አሮጌ የጭነት መኪና እየነዳች መጣች፤ ብሪታንም ከእግር እስከ ራሷ ገላምጣ ሰላም ሳትላት አለፈች። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ባዶ ሆነ። መጋረጃው ብቻ ቀረ፤ ሰው ያለ እንዲመስል።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አመለጣት ብሪታን።

ዶሪን የመኪናውን በር ይዛ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ደግሞ ትጠይቂኛለሽ!»

ከዚያ ሳቋ ቆመ። «አንድ ነገር ትሠሪልኛለሽ። መጽሔታችሁ ላይ ጻፊው። ድርጅቱን ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔ ባዶ እንደተውኩት፣ አንቺ እንደሞላሽው፣ እንደዚያው አድርገሽ። "ሞኟ ሴትዮ ራሷ ሰጠች" ተብዬ መቅረት አልፈልግም። ሞኝ አይደለሁም። ሞኝ ብሆን ኖሮ እስካሁን ሞቼ ነበር።»

መኪናዋ ሄደች። ብሪታ አቅጣጫዋን ላለማየት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

በማግስቱ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ የቁጥር አራትን ሌሎች ሦስት በጎ ፈቃደኞች ፈተሸች። ከሦስቱ የሁለቱ አዲስ ገጽ ተከፍቷል፤ ከነሐሰተኛ የክፍል ቁጥራቸው ፍጥጥ ብለው ተቀምጠዋል። አራት ወር ሙሉ የጠፋውን ብቻ ሲቆጥሩ ነበር። አዲስ የበቀለውን እንቁጠር ያለ አልነበረም፤ ሠንጠረዡን የሠራችው ደግሞ እሷው ናት። ወረቀቶቹን ይዛ የሃርላንን በር ሳታንኳኳ ገባች።

«ማህተሙ ይነሳ።»

«ዘጠና አንድ ነው ያመጣው፣ ብሪታ። በአንድ ስህተት—»

«ስህተት አይደለም፣ አሠራራቸው ነው። ከአራት ሰው ሦስቱን ላላወቃቸው ደላላ አስተዋውቀዋል። ይህን አንደኛ ካልነው፣ የተደበቀ ሰው ሁሉ ወረፋ ይዞ ራሱን እንዲያስመዘግብ ነው የምንመክረው።»

ሃርላን መነጽሩን አውልቆ አነበበ፤ ማንበብ ሲከብደው እንደዚያ ያደርጋል። የወርቁን ማህተም ከግድግዳው ላይ ነቀለው። ሁለተኛውን ገጽ ሲያገላብጥ ግን እጁ ቆመ።

«ይሄ አንቀጽ ይወጣል። "መስመሩን የሞላችው በጎ ፈቃደኛዋ አይደለችም፤ ባዶ ትታው ነበር። ሳትጠይቃት የሞላችው ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ሠራተኛ ናት።" ጠበቃችን ይህን ቢያይ—»

«ይየው።»

«ልጄ፣ የሃምሳ ዓመት እምነት ነው ያለን።»

«እሱን እምነት ነው የበላሁት! ዶሪን እኔን የት አውቃኝ ነው በር የከፈተችልኝ? መጽሔቱን አምና ነው።»

«እሷ እንኳ አትከሰንም።»

«ለመክሰስ አድራሻ ያስፈልጋላ!» ብሪታ ወረቀቱን መልሳ ፊቱ አደረገችው። «አንቀጹ ከወጣ እኔም እወጣለሁ። ሠንጠረዡን ለሌላ ሰው ሲያብራሩ ይዋሉ።»

«በሃያ ስድስት ዓመትሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ በሃምሳ ዓመትሽ ማን ሊችልሽ ነው?»

«እርስዎ ያን ጊዜ ጡረታ ላይ ነዎት።»

አንቀጹ ታተመ፤ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ፣ ሳይቆረጥ። የደላላውን ገጽ የመጽሔቱ ጠበቃ ተሟግቶ በዘጠነኛው ቀን አስነሳው። እስከዚያ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ታይቷል። ማን እንዳየው እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። ከዶሪንም ወሬ አልመጣም። ብሪታ ይህ መልካም ወሬ ነው ብላ ራሷን ልታጽናና ሞክራ፣ ለማጽናኛ መብት እንደሌላት አስባ ተወችው።

በየካቲት አስተዳደር ክፍሉ ለበጎ ፈቃደኞቹ የምስጋና ስጦታ እንዲላክ አዘዘ፤ መጽሔቱ ለአንድ ዓመት በነጻ። ብሪታ ኮምፒውተሩ ላይ የአሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ መዘገበች፤ እያንዳንዱን ደውላ ጠይቃ። ሃያኛው ላይ የዶሪንን ስም ጻፈችና «ላክ» የሚለውን ተጫነች። «አድራሻ መሞላት አለበት» አላት በቀይ። ደግማ ተጫነች። ያው ቀይ። ሦስተኛ ተጫነች።

ቅጹን በወረቀት አተመችው። ይዛው ሄዳ ለፊርማ ሃርላን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሃርላን ብዕሩን አንስቶ አቆመ።

«አድራሻው እኮ ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው» አለች ብሪታ። «ተረስቶ አይደለም። ይፈርሙ።»